ሃያ አራተኛው በርሜል

የካቲት 5 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ዛሬ ከአካባቢ ጥበቃ ቢሮው አዲስ መመሪያ መጣ። ሠላሳ አንድ ገጽ ነው። ጋሽ ኢዮስያስ የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ ሳይጨርስ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረውና «ይርገዱ፣ ያንቺ ነው» ብሎኝ ወጣ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን ይቅርታ፣ አልችልም። ድርጅቱ የሱ ነው፣ መኪናዎቹ የሱ ናቸው፣ ወረቀቱ ብቻ የኔ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ኖርን።

ሥራችን ለሰው ሲያወሩት ደስ አይልም። ፋብሪካዎች የሚጥሉትን ክፉ ነገር፣ የተቃጠለውን ዘይት፣ ዝቃጩን፣ የኬሚካል በርሜሉን ተቀብለን ማስወገጃው ቦታ እናደርሳለን። እስከ ዛሬ «ተረከብን፣ አስረከብን» የምትል አንዲት ወረቀት ትበቃ ነበር። ከእንግዲህ ግን እያንዳንዱ በርሜል ከፋብሪካው በር ከወጣበት ቀን አንስቶ ተቆራርጦ እስከሚወገድበት ቀን ድረስ በቁጥሩ ይከተሉት ተብሏል። ቅጹ አራት ቅጂ አለው፤ አንዱ ለፋብሪካው፣ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለአስወጋጁ፣ አንዱ ለቢሮው። አራቱ ካልገጠሙ ፈቃድ ይነጠቃል። ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ያለውም ወደ ኋላ ተመልሶ ይሞላ ይላል። መርማሪዎች በመጋቢት ይመጣሉ።

አልፈራሁም። እኔ እጅ የገባ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም። እዚህ ጎንደር አራዳ ያሉት የመንግሥት ቢሮዎች ሳይቀሩ «የይርገዱ ፋይል» እያሉ ነው የሚጠሩት። እንግዲህ በዚህ እንኳ ልኩራ።


የካቲት 7፣ ዓርብ

በጥድፊያ ነው። የመስከረም 22 ጭነት አልገጠመም።

የእኔ ቅጽ፦ በርሜል 24፣ ክብደት 216 ኪሎ፣ ተቆርጦ ተወግዷል፣ ፊርማ ይርገዱ።

የአስወጋጁ የሚዛን ወረቀት፦ 207 ኪሎ።

የጎደለው ዘጠኝ ኪሎ ነው። ባዶ በርሜል ስንት ይመዝናል ብዬ አያ ዳኛውን፣ የመጋዘን ጠባቂያችንን፣ ልጠይቃቸው ወጣሁና ከበሩ ተመለስኩ። ምን እጠይቃለሁ፣ ዘጠኝ ኪሎ መሆኑን አውቃለሁ።

ምሳ አልበላሁም። ሰኞ አየዋለሁ።


የካቲት 9፣ እሑድ

ቁስቋም አስቀድሼ ስመለስ ከቆዳ ፋብሪካው የመጣውን ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አዲሱ መመሪያ ከየበርሜሉ ጋር የኬሚካሉ መግለጫ ይያያዝ ስለሚል ዓርብ ላኩልን። በእንግሊዝኛ ነው። ስልኬ ላይ ቃል በቃል እየፈለግሁ ከቅዳሴ መልስ እስከ ማታ አነበብኩት።

ቆዳው እንዳይሻግት የሚነከርበት መድኃኒት ነው። አራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤ ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ውስጥ ይመጥጣል፣ በመታጠብ አይጠራም፣ ባዶው ዕቃ ለውኃም ለምግብም መያዣ እንዳይሆን ይቆራረጥ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ልብስ አጠብኩ።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው። ባለፈው ዓመት ልጄ ሶሊያና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስትቀመጥ ስንቱ ልጅ ወድቆ እንደሚቀር እያየሁ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ለአገሬ ኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ። አገሬ ከዳባት ወዲያ በእግር ሁለት ሰዓት ነው። የደብሩ ጸበል በጋ ሲሆን እየቀጠነ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሌሊቱን ካልተጠራቀመ ጠዋት ለበሽተኛው አይደርስም፤ የሚጠራቀምበትም እንስራ በየዓመቱ ይሰበራል። ልጄ ካለፈች የጸበል ማጠራቀሚያ አስገባለሁ አልኩ። አለፈች። ባሕር ዳር ተመደበች። እኔም ስለቴን ላስገባ ስነሳ ግቢያችን ውስጥ ሃያ አራት በርሜል ተደርድሮ ቆሟል። ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ክዳኑ ግጥም የሚል። አገር ቤት እንዲህ ያለ በርሜል ይዞ የመጣ ሰው እኮ ተመርቆ አይጠገብም።

አንዱን አስቀረሁ። ሃያ ሦስቱ ሄዶ ተቆራረጠ፣ እኔ ሃያ አራት ብዬ ፈረምኩ። የራስ ቅል የተሳለበትን ወረቀት በቢላ ፋቅሁት። በፈላ ውኃ፣ በኦሞ፣ በአመድ፣ በሎሚ ሰባት ጊዜ አጠብኩት። አያ ዳኛው ሲጭኑልኝ አፋቸውን በነጠላ ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ትንሽ አይሸትም?» አሉኝ። «አፍንጫዎ ነው» አልኳቸው። ጥቅምት 16 ከደብሩ አስገባሁት። እልልታው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሰባት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ፈረንጅ ሲጽፍ አጋንኖ ነው፤ ለፍርድ ቤት እንዲመቸው።


የካቲት 13፣ ሐሙስ

አያ ዳኛው ሻይ እየጠጡ ለሹፌሩ ሲያወሩ በመስኮት ሰማሁ። «በዚች ግቢ ውስጥ አንዲት በርሜል ብቻ ናት ገነት የገባች፤ ሌላው ሁሉ በመጋዝ ነው ያለቀው» እያሉ ይስቃሉ። ሹፌሩም ሳቀ። እኔም እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ሳቅሁ። ምን እንደሚያስቀኝ እግዜር ይወቅ።


የካቲት 16፣ እሑድ

የዓመቱ ኪዳነ ምሕረት ናት። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል።

ታናሽ ወንድሜ ምናለ ደወለ። ኔትወርክ የሚይዘው ከጉብታው ላይ ወጥቶ ነውና ነፋሱ ከሱ ቀድሞ ያወራል። «እታለም፣ አንቺን ዛሬ ሕዝቡ ሁሉ መረቀሽ» አለኝ። ምንጩ ዘንድሮ ጨርሶ እንደ ክር ቀጥኗል አለ፤ በርሜሉ ባይኖር ጉድ ፈልቶ ነበር፤ ዲያቆኑ ማታ ከቧንቧው ሥር ደቅኖት ያድራል፣ ጠዋት ሁሉም ከሱ ይጠጣል።

ከዚያ ሚስቱን ነገረኝ። አባይነሽ ራሷን ካመማት ወር ሆኗታል፣ እንቅልፍም ከልክሏታል። ዛሬ ጸበል ገባች፤ እዚያው ከጸበልተኞቹ ጋር ጎጆ ይዛ ሁለት ሱባኤ ትቆያለች፤ ካልተሻላትም ትጨምራለች። በባዶ ሆድ በቀን ሦስት ጣሳ።

«ሦስት ጣሳ?» አልኩት።

«ምነው፣ በዛ?» አለኝ።

አይ፣ ጥሩ ነው አልኩት። ሸጋ ነው አልኩት፣ በአገሬው ቋንቋ። እግዚአብሔር ይማራት አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ዘግቼ ደግሞ ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። መልሼ ስደውል ከጉብታው ወርዷል።


የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ለጋሽ ኢዮስያስ ስለ ዘጠኝ ኪሎው ነገርኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም። «ዘጠኝ ኪሎ ፕላስቲክ ነው ፊትሽን እንዲህ ያጠቆረው? አስተካክይው» አለኝ። ዐሥራ አራት ሠራተኛ አለን፤ ፈቃዱ ከተነጠቀ ሁሉም ቤቱ ይገባል። ይህን ሲነግረኝ ቀስ ብሎ ነው፣ እንደሚያባብል።

አስተካክይው።


የካቲት 24፣ ሰኞ

ዛሬ መላ አገኘሁ ብዬ ነበር። ምንም ሳልናገር በርሜሉን በአዲስ ልቀይረው። ሮቶ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ፒያሳ ሱቅ ሁሉ ሞልቷል። ምናለን ጠዋት አገኘሁትና «አዲስና ትልቅ እልካለሁ፤ አሮጌውን አውጡልኝ፣ እኔ ዘንድ ሥራ አለው» አልኩት። ደስ አለው። የደብሩን አስተዳዳሪ አባ ሀብተሥላሴን ሊጠይቅ ሄደና ከሰዓት ደወለ።

አባ እንዲህ አሉ፤ አዲሱ ይምጣ፣ ይጨመር፣ የጾም ጊዜ ነው፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። አሮጌው ግን ለኪዳነ ምሕረት ተብሎ የገባ ስለት ነው፣ ተባርኳል፣ ጸበልም አድሮበታል፤ ወጥቶ ለሌላ ሥራ አይውልም። ቆይተው ደግሞ «እሷ ልጅ ምን ሆነች? በስለቷ ተጸጸተች እንዴ?» ብለው ጠየቁ ይለኛል ምናለ። እሱ ራሱ አፍሮልኛል። ከድምፁ ታወቀኝ።

ያን ጊዜ ማለት ነበረብኝ። በርሜሉ መርዝ ነበረበት፣ አምስት ቃል አይሞላም። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ሴቶቹ ያን ዕለት በእልልታ ያሻገሩኝ፣ እናቴ መቃብር ፊት ቄሱ የመረቁኝ ነገር ሁሉ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ለእመቤታችን መርዝ ያስገቡ ልንባል ነው፤ እኔ ብቻ ሳልሆን ዘር ማንዘሬ። «ተወው በቃ» አልኩት።

አባይነሽ እንዴት ናት ስለው ትንሽ ሆዷን ይላታል አለ። ጾሙ ነው አለ። እኔም ጾሙ ነው አልኩ።


የካቲት 29፣ ቅዳሜ

አስተካከልኩት።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። ከመጋዘኑ ጥግ የቆየ የዘይት በርሜል ቁርጥራጭ አለ። ዘጠኝ ኪሎ እስኪሞላ መዘንኩ፣ ከሌላ ጭነት ጋር አብሮ እንዲሄድ አደረግሁ፣ «ከመስከረም 22 ጭነት ዘግይቶ የተወገደ፣ ተራ ቁጥር 24» የሚል ተጨማሪ ቅጽ በአራት ቅጂ ሠራሁ። አስወጋጁ ቦታ ያለው ልጅ ቁጥር እንኳ አላየም፣ ማኅተሙን ረገጠልኝ። አራቱም ቅጂ አሁን እንደ መንታ ይመሳሰላል። እጄ አንድ ቁጥር እንኳ አልሳተም። ምን ዓይነት እጅ ነው ግን?

በወረቀት ላይ ያ በርሜል የለም። ተቆርጧል።


መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ምናለ። አባይነሽ ያስመልሳታል። ሦስት ቀን ሆናት። እዚያ ያሉት ሁሉ ደስ ብሏቸዋል፤ ክፉው እየወጣላት ነው ይላሉ። ከሷ ጋር የሚጠጡ ሌሎች ሁለት ሴቶችም እንዲሁ ያስመልሳቸዋል አለ። አንዷ ከጃናሞራ የመጣች አሮጊት ናት።

«በርቱ አሉን፤ ጸበሉን ጨምሩላት አሉን» አለኝ። በቀን አምስት ጣሳ።

ሆስፒታል አምጣት አልኩት። የጨመረችውን ሱባኤ ሳትጨርስ? አለኝ። ደነገጠብኝ። እታለም፣ ከተማ እምነትሽን በላው እንዴ ሳይለኝ አልቀረም፤ አፉ ባይለውም።

መተኛት አቃተኝ። ሰባት ጊዜ አጥቤዋለሁ። በአመድ። በሎሚ። የጾም ሆድ ባዶ ነው፣ ማንም ያስመልሰዋል።


መጋቢት 8፣ ሰኞ

መርማሪዎቹ መጡ። ሁለት ናቸው፤ አለቃቸው ፊልጶስ የሚባል ወጣት፣ መነጽር ያደረገ፣ ጨዋ ልጅ። ከሦስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ፋይል አገላበጡ። የመስከረም 22 ላይ ደረሰ። ተጨማሪ ቅጹን አወጣ፣ አራቱን ቅጂ ጎን ለጎን ዘረጋ፣ ቁጥሩን በጣቱ ተከተለ። «ዘግይቶም ቢሆን አንድ በርሜል እንኳ ተከታትለው አስወግደዋል። ሌሎች ድርጅቶች ከርስዎ ቢማሩ» አለኝ። ከቢሮው በደብዳቤ እንደሚያመሰግኑኝ ነገረኝ። ጋሽ ኢዮስያስ ለሠራተኛው ሁሉ ለስላሳ ገዛ።

ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ሲጮህ ነበር። ስድስት ጊዜ ምናለ ነው። ወጥቼ ስደውል አባይነሽ ዛሬ መቆም አቃታት አለኝ። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ጸበሉን በማንኪያ እያጠጧት ነው።

ለስላሳውን ይዤ እንደቆምኩ ነው የሰማሁት። «በቃ አታጠጧት» አልኩ። «ምነው?» አለ። «በቃ አታጠጧት፣ ነገ እመጣለሁ» አልኩ። ያኔም አልነገርኩትም። እመጣለሁ ብቻ።


መጋቢት 9

መንገድ ተዘግቷል። ከመናኸሪያ መለሱን።


መጋቢት 10

ዛሬም። ኔትወርክም ጠፋ። ምናለን አላገኘሁትም። የዳባት ሹፌር አንድ አለ፣ «ነገ ይሞከራል» ይላል። የሚሄደው ሰው ሁሉ የየራሱ ጉዳይ አለበት፤ እኔ ግን እያንዳንዱ ሰዓት ስንት ጣሳ እንደሆነ እየቆጠርኩ ነው የተቀመጥኩት። አታጠጧት ያልኩት ለአባይነሽ ብቻ ነው። ሌሎቹስ? ምን ነበር «ማንም አይጠጣ» ብል? ከአፌ ምን ይጎድል ነበር?


መጋቢት 12

አልተከፈተም። ቁስቋም ሄጄ ውጭ ቆሜ ተመለስኩ። መግባት አልቻልኩም።


መጋቢት 14፣ እሑድ

ትናንት ማለዳ መንገዱ ተከፈተ። ዳባት ወርጄ ሁለት ሰዓቱን በእግሬ ወጣሁት። የደረስኩት ለቅዳሴው አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጸበልተኛው ተሰልፎ። በርሜሉ ከቧንቧው ሥር ተቀምጧል፣ ሰማያዊነቱ ከሩቅ ይታያል፤ አንገቱ ላይ ነጭ ነጠላ አስረውለታል። አንዲት እናት ጣሳውን ሞልታ ልትጠጣ ስትል ከእጇ መታሁት። ውኃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ሁሉም ዘወር አለ።

አባ ሀብተሥላሴ መጡ። «ልጄ፣ ምን ነካሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጮክ ብዬ፣ ሕዝቡ እየሰማ። ከቆዳ ፋብሪካ የወጣ በርሜል ነው፣ የሚገድል መድኃኒት ነበረበት፣ አጥቤው ነው ያመጣሁት፣ ለካ በመታጠብ አይለቅም። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሌላው ሁሉ እኔን አያይም፣ በርሜሉን ነው የሚያየው።

አባ «ምንጩ ግን ደኅና ነው?» አሉኝ። ምንጩ ደኅና ነው አልኳቸው፣ በርሜሉ ነው፣ እኔ ነኝ። አማተቡና ነጠላውን ራሳቸው ፈትተው አነሱት። ጎልማሶቹ በርሜሉን ተሸክመው ወሰዱት። ቁጥሩ ከታቹ ተቀርጿል፣ ለማስረጃ አስቀምጡልኝ ለማለት እንኳ አልደረስኩም፤ ከገደሉ ሲወረወር እየተንኳኳ መውረዱን ሰማሁ።

አባይነሽን በቃሬዛ አውርደን ማታውኑ ዳባት፣ ዛሬ ጎንደር አደረስናት። መንገድ ላይ እጄን ይዛ «እቴ፣ አንቺ ራስሽ መጣሽልኝ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።


መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል ነኝ። ዶክተር እስጢፋኖስ «ምን ወሰደች?» ብሎ ሲጠይቅ ምናለ «ጸበል ብቻ» አለ። እኔ ደግሞ የኬሚካሉን መግለጫ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። «ይህን ወረቀት ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች የሉም» አለ።

ጉበቷ ተጎድቷል፣ ኩላሊቷም ተዳክሟል። ለዚህ መድኃኒት ማርከሻ የለም፤ እየደገፍን እንጠብቃለን አለ። ከዚያ የከፋውን ጠየቀኝ። ሌላ ማን ጠጣ? ስንት ሰው? ከየት? ቶሎ ካልተገኙ በየቤታቸው ይሞታሉ።


መጋቢት 19፣ ዓርብ

አባ ሀብተሥላሴ ዲያቆኑን ላኩልኝ። የጸበልተኞች ስም ዝርዝር ይዞ መጣ፤ በጸሎት የሚጠሩበት ነው። ምንጩ ከቀጠነበት ከጥር ወዲህ አንድ መቶ ዐሥራ ሰባት ስም። እያንዳንዱ በሸጋ የቁም ጽሕፈት ተጽፏል። ደስ አለኝ፣ ለአንድ ደቂቃ።

ክርስትና ስም ነው። ወለተ ሰንበት። ኃይለ ጊዮርጊስ። ወለተ ሩፋኤል። ወለተ ሰንበት ደግሞ ሌላዋ። ገብረ ሕይወት። ቀበሌ የለው፣ አባት የለው፣ ስልክ የለው። «አባ ለእግዚአብሔር ብለው ነው የጻፉት፤ እሱ ያውቃቸዋል» አለ ዲያቆኑ፣ አዝኖ። ሠላሳ ስድስቱን የአካባቢው ሰው በመልክ ለይቷቸዋል፤ አባ በየደብሩ መልእክተኛ ልከዋል። የጃናሞራዋ አሮጊት ባለፈው ሳምንት ተሻለኝ ብላ፣ ለቤተሰቧም በጀሪካን ቀድታ ሄዳለች። ክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው። በጃናሞራ ስንት ወለተ ማርያም አለ?

እኔ እኮ ለአንዲት ባዶ ፕላስቲክ አራት ቅጂ ወረቀት አለኝ።

ከሰዓት ቢሮ ሄጄ ለጋሽ ኢዮስያስ ሁሉንም ነገርኩት። ቢሮው ካልተነገረው የጤና ሰዎች በየቀበሌው አይወጡም፣ ሰው አይፈለግም አልኩት። በሩን ዘጋና ፋይሌን ከመደርደሪያ አውርዶ ገለጠ። «ሃያ አራቱም ተወግዷል። ማን ፈረመ? አንቺ። መርማሪው ምን አለ? ትክክል ነው አለ። እንግዲህ ያ በርሜል የኛ አይደለም» አለኝ። በርሜሉስ የት አለ? ገደል ውስጥ። ማን ያምንሻል? ሐዘን ያናወጣት ሴት ናት ይሉሻል እንጂ፣ አለኝ። የወረቀት ሥራዬን አሳምሬ ስለሠራሁ ተሸነፍኩ። አራዳ ወጥቼ ፊልጶስን ቢሮው አገኘሁት። ሰማኝ፣ አዘነልኝ፣ የፈረመበትን ደግሞ አሳየኝ። «ከዚህ የሚበልጥ የጽሑፍ ማስረጃ ካለዎት ያምጡ፤ ዛሬውኑ አንቀሳቅሰዋለሁ» አለኝ።

ያለኝ ይህ ደብተር ነው።


መጋቢት 22፣ ሰኞ

ደብተሩን ለፊልጶስ ወዲያው ላደርሰው ነበር፤ አላደረስኩትም። ሁለት ቀን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ሁለት ቀን። እንደገና ያንኑ አደረግሁ ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ምናለ በሆስፒታሉ ኮሪደር እግሬ ላይ ወደቀ። አባይነሽ ሌሊቱን መናገር አቁማለች። «እታለም፣ አንቺ ባትደርሽልን እዚያው ነበር የምቀብራት። እንዳወቅሽ መንገድ ተዘግቷል እንኳ ሳትይ መጣሽልን፤ እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ» አለኝ። ጉልበቴን ስሞ ቀና አለ። «መቼ ነው ግን ያወቅሽው?» አለኝ፤ እንዲያው ለወሬ፣ ሳይጠረጥረኝ። «አታጠጧት ያልኩህ ለት» አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ። ራሱን ነቀነቀና ሻይ ሊያመጣልኝ ሄደ።

ለፊልጶስ ይህን ደብተር ዛሬ እሰጠዋለሁ። ፈቃዱም ይነጠቅ፣ እኔም ልታሰር፤ ወለተ ማርያሞቹ ይፈለጉ። ግን ፊልጶስ ከማንበቡ በፊት ወንድሜ ያንብበው። ከሰው አፍ እንዲሰማው አልፈልግም። እስከ ስድስተኛ ተምሯል፣ በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ ነው የሚያነብ፤ የካቲት 9 ላይ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። የካቲት 16ን ያነባል፣ ሸጋ ነው ያልኩትን። የካቲት 24ን ያነባል። ሲያነብ ውጭ እጠብቃለሁ ብዬ ነበር፤ አይሆንም፣ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ እየመጣ ነው። የኔን ስኳር አብዝቶበታል፣ እንደምወደው።